ዳገት ላይ ብቻ

ግንቦት 8

ሱቁ ደህና ዋለ። የፎቶኮፒ ማሽኗ ሁለት ጊዜ ብቻ ወረቀት ቀረጠፈች። ዞን ቢሮ ምን እንዳለ እንጃ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ማመልከቻ ያለው ሁሉ እኔ ጋ ተሰልፎ ዋለ።

አያ ገብረሰንበት ከቡሬ ድረስ ለመታወቂያ ፎቶ መጡ። የአማቴ መንደር ሰው ናቸው፣ አስታራቂ፣ ሲያስሉ እንኳ ሸንጎው ዝም የሚልላቸው። ጢማቸውን ምን ቢያደርጉት ጥሩ ነው? ጥቁር! በጫማ ቀለም ይሁን በሌላ... አገጫቸው ሳይቀር ተለቅልቋል። «ሲሳይነሽ፣ ፎቶው ጠቆር አላለም?» አሉኝ። «ብርሃኑ ነው አያ» አልሁ። ምን ልበል? ስምንት አትሜ ሰጠኋቸው። አንዷን አይተው ቀደዱና ኪሳቸው ከተቷት። «ለማንም እንዳታሳይ።» ለማን አሳያለሁ... ለዚህ ደብተር ብቻ።

ከሰዓት ለታመመችው ጎረቤታችን ሾርባ ይዤ በነጯ መኪናችን ወደ ሆስፒታል። ዳገቱ መሀል ከብት ሲያቋርጥ ካምቢዮውን ፓርክ ላይ አድርጌ ቆምሁ። ከብቱ አለፈ። ወደ ፊት መሄጃው፣ ዲ ላይ፣ መለስሁት። ምንም። ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናዋ ወደ ፊት ንቅንቅ የለም። ነዳጅ ጨመርሁ። አሁንም ምንም። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ በመዶሻ እንደመታት ዘለለች። ሾርባው ጭኔ ላይ። እስካሁን ይለበልበኛል።

ለአስናቀው ነገርሁት። ሳቀ። «እግርሽ ነው እንጂ መኪናዋስ ምንም አልሆነች።» ሲስቅ ያ የጥርሶቹ ክፍተት ይታያል። አምና በእርሻ ወሰን ጠብ የአጎቱ ልጅ እጅጉ በዱላ ያወለቃቸው ሁለቱ የፊት ጥርሶች። ባሌ ግብርና ቢሮ ገብቶ ወንበር ላይ ቢቀመጥም ያቺን የአባቱን መሬት በጥርሱ ይዟታል። በቀሩት ጥርሶቹ ማለቴ ነው።

ግቢ ውስጥ መኪናዋ በቆመችበት ቀይ ጠብታ አየሁ። ደም መሰለኝ። ድመቷ ዶሮ በላች ብዬ ዶሮዎቹን ቆጠርሁ። ሙሉ ናቸው።

ግንቦት 12

ዛሬ ገበያ ደርሼ መጣሁ። ሜዳ ለሜዳ። እንደ ቅቤ ነው የሄደችው። እውነትም እግሬ ይሆን እንዴ?

ግንቦት 15

ሆስፒታል ዳገት። ደግማ ዘለለች። አንድ የጋሪ ፈረስ ለጥቂት ሳትሁ። ባለጋሪው የእናቴን ስም አንስቶ ሰደበኝ። እናቴን የት ያውቃታል?

ቴዎፍሎስ ጋራዥ ወሰድኋት። ሞተሯን አጠፋ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዞ ጠረገ፣ መልሶ ከትቶ አወጣ። «ሙሉ ነው! እንዲያውም ከጠጅ ያምራል።» ዘይቱ ቀይ ነው። «ታዲያ ምን ሆና ነው?» «እትዬ ሲሳይ፣ እኔ የአይሱዙ ሐኪም ነኝ። ይህች አውቶማቲክ የከተማ ቅምጥል ናት። ረጋ ብለሽ ንጃት።»

ሁለት ወንድ፣ አንድ መልስ። መኪናዋን ይዤ ወጣሁ።

ግንቦት 17

ፍርድ ቤቱ ጋ ያለው አቀበት። ያው። ለአስናቀው አልነገርሁትም። ደግሞ ይሳቅብኝ?

ግንቦት 22

ካልጻፍሁት አላምነውም።

ትናንት ከማርያም ንግሥ አማቴን እማማ ዓባይነሽን ወደ ቤታቸው እያደረስን ነበር። አስናቀው ይነዳል፣ እኔ ጎኑ ነኝ። የእማማ ደጅ ዳገት ነው። ከፊት ለፊቱ የእጅጉ የድንጋይ ካብ። መንገዱ እዚያ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ቆምን፣ እማማ ወረዱ። እጅጉ ካቡን ተደግፎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ገለል ቢል እናልፋለን። አላለም።

«ጥርስህ በቀለ ወይ?» አለ።

«ዛሬ እንኳ በዓሉን አክብር» አለው አስናቀው። ካምቢዮውን ዲ ላይ አደረገ። በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናዋ ዝም። ነዳጅ ነካ አደረገ። ዝም። ጨመረ...

ዘለለች።

አጥንት እንዲህ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። እርጥብ እንጨት በጉልበት ሲሰብሩት... እጅጉ በባምፐሩና በካቡ መሀል ሆኖ ኮፈኑን በሁለት እጁ ይደበድባል። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። አስናቀው ፍሬን ረግጦ ደርቋል። «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በል!» የምጮኸው እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ስንል እጅጉ ወደቀ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር ወደማይዞርበት ዞሯል።

ከዚያ ሰው መጣ። መስታወቱ ላያችን ላይ ረገፈ። አስናቀውን በመስኮት ጎትተው አወጡት። ዱላ፣ እርግጫ፣ ድንጋይ። ቡሬ ከተማ ባጃጅ የሚነዳው የእጅጉ ታናሽ ወንድም፣ ገደፋው፣ የባሌን ራስ ከካቡ ጋር ሁለት ጊዜ አላተመው። ለሦስተኛው እማማ እጃቸውን መሀል አገቡ። ሁለት ጣታቸው ተሰበረ። የገዛ ዘመዳቸው ሆኖ እንዲህ ይጨክናል?... ብቻ።

እጅጉ ሆስፒታል። አስናቀው ፖሊስ ጣቢያ። እኔ ቤቴ፣ ከጸጉሬ ውስጥ የመስታወት ስባሪ እየለቀምሁ።

አስቦበት ነው ይላል አገሩ ሁሉ። አምና ጥርሱን፣ ዘንድሮ እግሩን። እኔስ? ጎኑ ተቀምጬ፣ እጁን እያየሁ... ለአንዲት አፍታ እኔም ጠረጠርሁት። ይኸው ጻፍሁት።

ግንቦት 24

ጣቢያ ስንቅ አደረስሁ። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ አይታይም። «ነካሁ፣ ዝም አለች። ጨመርሁ፣ ዝም አለች። ከዚያ...» ይህንኑ ይደጋግማል።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አልሁት።

«ይህን ደግሞ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ከሰዓት ገደፋው ባጃጁን ሱቄ ደጅ አቆመ። ደንበኞቼ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። በያዘው ዱላ የማሽኗን መስታወት አደቀቀው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት። ተማሪ ልጆች ጠረጴዛ ስር ገቡ።

«ባልሽ ከጣቢያ ይውጣ ብቻ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «እግር በእግር የሚሉ አሉ። እኔ ከወገብ በላይም አልተውለትም።»

ግንቦት 27

የእማማ ዓባይነሽ የገለባ ክምር ተቃጠለ። እሳቱ ወደ በረቱ ዞሮ ላሟ ጀርባዋ ተላጠ። እየጮኸች ሦስት ቤት አጥር ጥሳ ሄደች አሉ። እማማ በታሰረ እጃቸው ውሃ ሲያጋዙ የረዳቸው ሰው የለም። ማንስ ይድፈር? ማን እንዳቃጠለው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላየም።

ሰኔ 2

አስናቀው በዋስ ተፈታ። የፖሊሱ ነገር በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ሰኔም ሐምሌም አይበቃውም። የገደፋው ነገር ግን አይጠብቅም። አስናቀው ራስጌው መጥረቢያ አኑሯል። «አንሣው» አልሁ። «አንቺ ዝም በይ።» ከእስር ወዲህ የሚያውቃት ቃል ይህችው ናት።

አያ ገብረሰንበት ሽማግሌ ሰበሰቡ። ጥያቄው አንድ ነው አሉ፦ አስቦ ነው ወይስ መኪናዋ ናት? አስቦ ከሆነ ሽማግሌ እጁን ያነሳል። ሽማግሌ እጁን ካነሳ ደግሞ ገደፋው አለ... መኪናዋ ከሆነች እርቅ አለ። መኪናዋን አምጡና በዓይናችን እንያት አሉ።

ሰኔ 5

ምነው እግሬን በሰበረው።

ሽማግሎቹ የተቀመጡት ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ፣ ዋርካው ስር ነው። ነጯን እዚያው አቆምናት፣ መስታወት የላት፣ ባምፐሯ ተጣሞ። አንድ ቄስ ጸሎት አደረሱ። አስናቀው ገባ። ዲ ላይ አደረገ። ልስልስ ብላ ሄደች። ቆመ፣ ደገመ። እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ሄደች። ስድስት ጊዜ! ስድስት ጊዜ ልክ እንደ ጤነኛ።

«በአጋጣሚ የወንድሜ እግር ላይ ብቻ ነው የምታብደው?» አለ ገደፋው።

እኔ ተነሣሁ። «እኔም ላይ ዘልላለች። ብዙ ቀን...»

«ሚስት ለባሏ ልትመሰክር? ሂጂ ወጥሽን ሥሪ!»

ብሎ ገደፋው ዞሮ ዱላውን በአስናቀው ትከሻ ላይ አሳረፈው። አስናቀው ተንበረከከ። ሁለተኛውን ሲያነሣ አያ ገብረሰንበት ነጠላቸውን መሬት ላይ በመሀል ጣሉ። ነጠላ ተጥሎ አይመታም። ገደፋው ዱላውን አየር ላይ ይዞ ቆመ። አወረደው። ነገር ግን ምራቁን ነጠላው ጫፍ ላይ ተፋ። ሰው ሁሉ አየ።

«እስከ ሰኔ ዘጠኝ ማስረጃ አምጡ» አሉ አያ። «ከዚያ ወዲያ እኛ የለንበትም።»

አራት ቀን።

ሰኔ 6

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብሁት። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። ሆስፒታል ዳገት። ገበያ፣ ሜዳ፣ ምንም። ሆስፒታል ዳገት። ፍርድ ቤቱ አቀበት። የእማማ ደጅ...

ዳገት ላይ ብቻ! ዋርካው ስር ደግሞ ሜዳ ነው!

እየሮጥሁ ቴዎፍሎስ ጋ። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው። ባሕር ዳር ላለ ለቀድሞ አለቃው ደወለ። አለቃው በስልኩ ውስጥ ሲጮህበት እኔም እሰማለሁ፦ «ሞተር አጥፍተህ ለካህ? አንተ ደንቆሮ! የአውቶማቲክ ዘይት ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ ነው የሚለካ!»

አስነሣት። ጥቂት ቦታ ነዳት፣ አሞቃት። ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን መዘዘ። ደረቅ። ጫፉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ።

ቴዎፍሎስ ዘንጉን እንደያዘ መሬት ተቀመጠ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ሙሉ ይመስላል አለኝ፤ ሲነሣ ግን ይመጠጣል። የቀረችው ጥቂት ደግሞ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ማርሹ የሚይዝበት ያጣል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲጨምር በስንት ጊዜው ይደርስና በአንዴ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ፓራኦሊዮው፣ ተቀዷል፤ ስታንጠባጥብ የከረመችው ለዚህ ነው። ያ ዶሮ ያስቆጠረኝ ቀይ ጠብታ...

«እትዬ ሲሳይ፣ ያን ቀን አጥፍቼ ባልለካ...» አለና ዓይኑን ጠረገ። ሊሞላት ጣሳ አነሣ።

«እንዳትነካት!» አልሁ። «እንደታመመች ትሂድ።»

ለአስናቀው ነገርሁት። ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ። በሃያ ዓመት ትዳራችን የእኔን ደብተር አንብቦ አያውቅም። ግንቦት ስምንት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህችን ገጽ ቅደጂያት።»

«ማስረጃው ያለው እሷው ላይ ነው።»

«እንግዲያው ‹ሳቀ› የምትለውን ዝለያት። ሰምቶ ነዳ ካሉኝ ያው አስቦ የሰበረ ነኝ።» ጣቱን ቃሏ ላይ ጫነ። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ደብተሩን ነጠቅሁት። እጄን ያዘኝ፣ ጠመዘዘው። ለመጀመሪያ ጊዜ... አንጓዬ ላይ አራት ጣቱ ታትሟል። ከዚያ የራሱን እጅ አየና ወጥቶ ሄደ።

ሰኔ 9

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ሁሉንም።

ሸንጎው ዛሬ እማማ ደጅ ዳገቱ ላይ ሆነ። እጅጉን በቃሬዛ አምጥተውታል፣ እግሩ እስከ ጭኑ ጀሶ ነው። ፊቱ ጠቁሯል።

ደብተሬን አወጣሁ። ገደፋው ሳቀ። «ትናንት ጽፋው ነው!» ሽማግሎቹም ተያዩ። እውነትም፣ ቀኑን በምን ያምናሉ?

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ሌላ መንገድ ግን የለም። «አያ ገብረሰንበት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁና ግንቦት ስምንትን ከመጀመሪያው አነበብሁ። ማሽኗ ወረቀት መቀርጠፏን። ፎቶውን። ጢሙን... የጫማ ቀለም የሚለውንም ሳልዘል። ስምንት ፎቶ፣ አንዷ ተቀድዳ ኪስ የገባች። «ለማንም እንዳታሳይ።»

ማንም አልሳቀም። ማን ይደፍራል! አያ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የተቀደደች ፎቶ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ገጣጠሟት።

«ይህንን ከእሷና ከእኔ በቀር ያየ የለም። ቀኑም ግንቦት ስምንት ነው። ለዛሬ ብላ ብትጽፈው ኖሮ እኔን የሚያሳፍር አታስገባበትም ነበር፤ በዚያን ቀን የተጻፈ ነው። ቀጥይ ልጄ።»

ቀጠልሁ። ዳገቱን፣ መዝለሏን፣ ሾርባውን። ሁሉንም ቀን። ቴዎፍሎስም ተነሥቶ ጥፋቱን ተናገረ፣ ዘንጉን በሞቀ ሞተር አሳየ። ገደፋው ግን «ወረቀት አይሰብርም፣ ዘይት አይሰብርም» አለ። «ሰው ነው የሰበረው።»

«እንግዲያው አንተው ንዳት» አሉ አያ።

የማዳበሪያ ጆንያ በገለባ ጠቅጥቀው እጅጉ የቆመበት አቆሙት፣ ካቡን አስደግፈው። ገደፋው ገባ። «ፍሪሲዮን የላትም እንዴ?» አለ። ቴዎፍሎስ ዲ የቱ እንደሆነ አሳየውና ራቀ። ሁላችንም ራቅን።

ዲ ላይ አደረገ። ዝም። በተሰበረው መስታወት በኩል አየን፣ ፊቱ ላይ ንቀት። «አትሄድማ!» አለ። ነዳጅ ረገጠ። ዝም። እንደገና ረገጠ፣ አጥብቆ...

ካቡ ፈረሰ። ጆንያው ፈነዳና ገለባው እንደ አንጀት ተዘረገፈ። የላይኛው ድንጋይ ኮፈኑ ላይ ወደቀ። የገደፋው ግንባር መሪው ላይ ተከፈተ፣ ደሙ በአፍንጫው ላይ። ሞተሩ ጠፋ። ከስሯ ቀዩ ዘይት በዳገቱ ቁልቁል ቀጭን ሆኖ ወረደ፣ እስከ ሽማግሎቹ እግር።

እጅጉ ከቃሬዛው ላይ ጆንያውን ያያል። «እንዲህ ነበርሁ?» አለ። ደግሞ አለው። «እንዲህ ነበርሁ?» ከዚያ አስመለሰው።

አያ ገብረሰንበት ወደ ገደፋው ሄዱ። በዚያው በተተፋባት ነጠላ ጫፍ ደሙን ጠረጉለት።

«ገደፋው፣ ልጄ፣ ማንን ልትገድል ነበር?»

ገደፋው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፣ እዚያው መሪው ላይ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ... አላበቃም። አያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ የቀረ አለ። ባልሽ ያውቅ ነበር?»

አስናቀው አየኝ። እኔ አንጓዬን አየሁ፣ ደብተሩን ከፈትሁ።

«‹ለአስናቀው ነገርሁት።›» ቀና አልሁ፤ መልሼ ወደ ገጹ። «‹ሳቀ።›»

ሰኔ 10

ፍርዱ፦ ደም አይፈላለጉም። አስናቀው ግን ሰምቶ ስቋልና ድንጋይ ተሸክሞ እጅጉ እግር ስር ይወድቃል፤ እጅጉ በእግሩ እስኪቆም መሬቱን ያርስለታል፣ በገዛ እጁ፣ ሰው ሳይቀጥር። ገደፋው የእማማን ክምር ይተካል፣ ላሟን ያስታምማል።

አስናቀው ድንጋዩን ራሱ መረጠ። ካቡ ላይ የነበረውን። አንገቱ ተልጦ ደም በሸሚዙ ወረደ። እጅጉ «አውርዱለት» እስኪል ብዙ ቆየ። አውቆ ነው የቆየው። አልፈርድበትም።

እኔን አላናገረኝም።

ሐምሌ 2

ሃያ ሁለት ቀን ዝምታ። ሲመሽ ከእርሻ ይመጣል፣ መዳፉ ቆስሎ ማንኪያ መያዝ አልቻለም። ዛሬ ቅባት ስቀባው እጄን ገልብጦ አንጓዬን አየ። ምልክቱ ጠፍቷል።

«ብትዘልያት ኖሮ» አለ፣ «ራሴ ነበር የምነግራቸው።»

እውነት ይሆን? እንጃ። ቢሆንም እንዲህ ማለቱን ወደድሁት።

ቴዎፍሎስ ፓራኦሊዮውን ቀይሯል፣ ሞተር እያስነሣ ይለካል። ጋራዡ በር ላይ በጠመኔ ጽፎታል አሉ፦ «አውቶማቲክ እየሠራች!»

ነሐሴ 28

ጀሶው ዛሬ ተቆረጠ። እጅጉን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በነጯ። እጅጉ ከፊት፤ ከኋላ አስናቀውና ገደፋው፣ ጉልበታቸው እየተነካካ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ስንቱን አገር አለፍን።

ሆስፒታል ዳገት መሀል ከብት አቋረጠ። ይህ ከብት ቀን ይቆጥራል ልበል? ፓርክ ላይ አድርጌ ቆምሁ። ከብቱ አለፈ። ፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ አጥር ተደግፈው ቆመዋል።

እጄ ካምቢዮው ላይ ቀረ። እጅጉ ሁለት መዳፉን ፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ ላይ አሳረፈ፣ ያኔ ኮፈኑን ሲደበድብ እንደነበረው።

አስናቀው በሩን ከፍቶ ወረደ። ሳያወራ ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዞ ገለል አደረጋቸው። እሱም ከአጥሩ ራቀ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ዲ።

ወዲያው ያዘች። ቀስ አለች፣ ወጣች።

እጅጉ እጁን አወረደ። ላቡን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ጻፊያታ» አለኝ።